ልብስ ሰፊው ሱሌማንና የማን ጆክ ጋያ

ሱሌማንን ከሥራው የሚያስቆመው ነገር ጥቂት ነው። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ሙቀቱ ቢበረታ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ይሰፋል። "ጫት እኮ ሱስ ነው" የሚል ሰው ከመጣ ግን እግሩን ከመርገጫው ላይ ያነሣል፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል። ሰውየው ያመጣው ሱሪ ለዚያ ቀን ቀረ ማለት ነው።

"ሱስ ዱቄት ነው" ይላል። "ሱስ በመርፌ የሚወጋ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው ነገር ነው። ይሄ ቅጠል ነው! ዝናብ ያበቀለው ቅጠል። ጎመን የሚወድ ሰው ሱሰኛ ይባላል?"

አንድ ቀን "ጎመን አጣሁ ብሎ ሚስቱን የሚቆጣ ሰው ግን አላየሁም" አልኩት። ለጥቂት ቀናት ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ። ጎረቤት ስለሆንን ብዙም አልቆየም።

ሱሌማን የአጋሮ ልጅ ነው። ገና ጢም ሳያበቅል ከአጎቱ ጋር ወደ ጋምቤላ ወረደ። መጀመሪያ ቁልፍ እየተከለ፣ ቀጥሎ ኪስ እየሰፋ ሥራውን ለመደ፤ አጎቱ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውንም በረንዳውንም ተረክቦ ቀረ። በሌላ ከተማ ልብስ ሰፊ ሱሪ ያሳጥራል። እዚህ ሱሪ ያስረዝማል። ከአዲስ አበባ ተሰፍቶ የሚመጣውን ሱሪ የእኛ ከተማ ወጣት ሲለብሰው ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ይቀራል። ሱሌማን ቁራጭ ጨርቅ የሚያጠራቅምበት ትልቅ የማዳበሪያ ከረጢት አለው። ከዚያ ውስጥ ቀለሙ ከሱሪው ጋር አንድ የሆነውን ይመርጥና ከታች ይቀጥለዋል። ቅጥሉ የት ጋ እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። በጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ በጀልባ ወደ ማታር ከተማ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ጠባቂዎች ሳይቀሩ ሱሪያቸውን ይዘው እሱ ጋ የሚመጡት ለዚህ ነው።

ከቀትር በኋላ የጫቱ መኪና ከመቱ በኩል ሲወርድ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ጡሩምባውን ይነፋል። ጡሩምባው እንደተሰማ ሱሌማን መቀሱን ያስቀምጥና ወደ ሙስዓብ ሱቅ ይሄዳል። ሙስዓብ የቧንቧና የቀለም ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የአገሩም ልጅ፣ የድሮ ጓደኛውም ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ይቅማሉ። ሱሌማን መርቅኖ ሲመለስ የስፌት መኪናው ይዘምራል፤ እስኪመሽ ድረስ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፤ የዓለምን ችግር ሁሉ በአንድ ሱሪ ቅጥል ውስጥ ፈትቶት ያድራል።

"በረመዳን ቀኑን ሙሉ አልነካውም" ይላል ደግሞ። "ሱሰኛ ብሆን እችል ነበር?"

ባለቤቱ ፋጢማ "ማታስ?" ትለዋለች።

"ማታማ ማታ ነው።"

ይህን ክርክር ከማንም በላይ የምትወደው ማን ጆክ ናት። ማን ጆክ በኑዌርኛ የጆክ እናት ማለት ነው። ስሟ ኛዴንግ ነው፤ የበኩር ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። የሱሌማን በረንዳ ጫፍ ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ባሚያና ትምባሆ ትሸጣለች። ትምባሆው ቅጠሉ ተወቅጦ እንደ ትንንሽ ዳቦ የተጠፈጠፈ ነው። እሷ ራሷ ጫፉ ላይ ቅል የተሰካበት ረጅም ጋያ አላት፤ ከእንቅልፍ ከነቃች ጀምሮ ከአፏ አይጠፋም። አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለለመደች ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የምትለው። ማንም አይቀየማትም።

"ሱሌማን፤ አንተ ሱስ አለህ" ትለዋለች፣ ጋያዋን ከአፏ ሳትነቅል።

"እኔ? በአፍንጫሽ ጭስ እየወጣ?"

"ይሄ ትምባሆ ነው። ሱስ አይደለም። እናቴ ታጨስ ነበር። የእናቴ እናት ታጨስ ነበር።"

"የኔም አባት ይቅም ነበር።"

"አየህ! የአባትህ በሽታ ነው።"

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ኖረዋል። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው የሱሌማን ዓይን ሲጨልም ነው።

መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑ እንደ ጉም ያለ ነገር ያዘው፤ ግራውም ቀስ እያለ ተከተለው። መነጽር ቀየረ፤ ለውጥ የለም። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባለት ፋጢማ ሆነች። አንድ የማታር ነጋዴ ደግሞ ያስረዘመውን ጥቁር ሱሪ ለብሶ ሠርግ ላይ ሲጨፍር፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቅጥል ቡናማ መሆኑን ያየው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ነጋዴው አልተቆጣም፤ እየሳቀ መጥቶ አሳየው። ሱሌማን ግን አልሳቀም። ሱሪውን ወደ ፀሐይ አውጥቶ አገላበጠው፤ ጥቁሩና ቡናማው አንድ ሆኑበት።

ለፋጢማ የነገራትን እሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። "ቀለም ካልለየሁ ምን ልብስ ሰፊ ነኝ? መኪናውን ሸጬ አጋሮ ወንድሜ ቤት ጥግ ይዤ መቀመጥ ነው የቀረኝ" ብሏታል። ይህን ሲናገር ምንም አልቀለደም።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ሊመጣ ነው፣ ሞራ ይገፍፋል የሚል ወሬ ተሰማ። ፋጢማ እጁን ይዛ ለቅድመ ምርመራ ሆስፒታል ወሰደችው። ሲስተር ቤዛ የምትባል ነርስ ዓይኑን በባትሪ አየችና "የዓይን ሞራ ነው፤ ተገፍፎ የሚለቅ ነው" ስትለው ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም። ቀጥላ የደም ግፊቱን ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ ሱሌማን፣ ጫት ይቅማሉ?"

"እንደ ሰው።"

"እንደ የትኛው ሰው?"

ፋጢማ ከጎኑ "እንደ ሁለት ሰው" አለች።

ሲስተር ቤዛ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። ግፊቱ በዚህ ከፍታ ላይ ከሆነ ሐኪሞቹ ዓይኑን አይነኩትም። ቡድኑ የሚመጣው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፤ ካመለጠው እስከሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ዓይኑ መክረም ነው። የግፊት ክኒን በየጠዋቱ ይውሰድ፤ ጨው ይቀንስ፤ ጫቱን ጨርሶ ይተው።

"ጨርሶ ማለት?"

"ጨርሶ ማለት ጨርሶ።"

"ለአንድ ቅጠል ይሄን ያህል?"

"ቅጠል ብቻ ከሆነማ መተው አይከብድዎትም" አለችው፣ የሚቀጥለውን ሰው እየጠራች።

ሱሌማን ይህን አባባል ቤቱ እስኪደርስ አሰበበት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጡሩምባው ተነፋ። ሱሌማን አልተነሣም። አዛጋ። ደገመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። መኪናውን ለመርገጥ ሞከረ፤ እግሩ እንደ እንግዳ እግር ሆነበት። ጥቂት ቆይቶ ሙስዓብ የጓደኛው መቅረት አሳስቦት መጣ።

"ምነው፣ ታመምክ እንዴ?"

"ትቼዋለሁ።"

ሙስዓብ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈ። "እስከ መቼ?"

"ዓይኔ እስኪሠራ።"

"በል እንግዲህ፣ ዛሬ ዱካክ ይጎበኝሃል።"

ዱካክ ጫት ያቋረጠ ሰው በእንቅልፉ የሚያየው ቅዠት ነው። ቃሚዎች ስለ እሱ የሚያወሩት እንደሚያውቁት ሰው ነው። ሱሌማን ጠዋት ሲመጣ ፊቱ አብጦ ነበር።

"መጣ?" አለችው ማን ጆክ።

"መጣ። አጭር ሰውዬ ነው። የራሴን ሜትር አንገቴ ላይ አድርጎ ለሱሪ ለካኝ። ለካ ለካና 'ለዚህ ሰውዬ ጨርቅ አይበቃውም፣ ጣሉት' አለ። ባሮ ውስጥ ሊጥሉኝ ሲያንከባልሉኝ ነቃሁ።"

ፋጢማ ከሳቋ የተነሣ መሬት ተቀመጠች። "እኔ ነኝ ያንከባለልኩህ፤ አልጋውን በሙሉ ይዘህብኝ!"

ቀኑን ግን የሚስቅ አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው ሱሪ ሊያስረዝም የመጣውን ረጅም ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አይቶ "አንተን ማን ነው እንዲህ ርዘም ያለህ?" ብሎ ጮኸበት። ልጁ ሱሪውን ይዞ ሄደ። ቃሚዎች ይህን ሐራራ ይሉታል፤ ያ የለመደው ነገር ሲቀር ሰውነት የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ሱሌማን ግን "ሙቀቱ ነው" አለ።

ጡሩምባው እንደገና ሲነፋ መቀሱን አስቀመጠና ተነሣ።

"ወዴት?" አለች ማን ጆክ።

"ወደ መስጊድ።"

"መስጊድ በዚህ ነው" ብላ በጋያዋ ወደ ሌላው አቅጣጫ አመለከተች።

ሱሌማን ባለበት ቆመ።

"ቅጠል ነው ብለሃል። ቅጠል ከሆነ እግርህ ለምን ብቻውን ይሄዳል?"

ተናደደ። "አንቺስ? እስቲ ያን ጋያ ለአንድ ቀን አስቀምጪውና ልይሽ! ለአንድ ቀን!"

ማን ጆክ ጥቂት ሳበች። ከዚያ ጋያዋን ገልብጣ አመዱን በረንዳው ምሰሶ ላይ አራገፈች። አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ አደረገችው።

"እሺ" አለች። "እስከ ዓይንህ።"

"ምን?"

"ዓይንህ እስኪድን ጋያ የለም። አንተ ከቃምክ እኔ አጨሳለሁ። እኔ ካጨስኩ አንተ ትቅማለህ። ፋጢማ! አንተ ያዝ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፍ።"

ፋጢማ ጋያውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወሰደችው። ሱሌማን ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የራሱ ዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሸነፍ ነበር፤ በማን ጆክ ፊት መሸነፍ ግን ከሞት ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ ያ በረንዳ ሌላ በረንዳ ሆነ። ማን ጆክ ቀኑን ሙሉ ትምባሆ ፊት ተቀምጣ አታጨስም። ደንበኛ ሲመጣ የትምባሆውን ዳቦ ፊቷን አዙራ ትሰጠዋለች። አንድ ሽማግሌ "ይሄ የዘንድሮ ነው? ጠንካራ ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ግዛና ሂድ!"

"አጭሰሽው አታውቂም እንዴ?"

"ዛሬ ጋያ ያነሣ ሰው ጠላቴ ነው።"

ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ሱሌማንን አየው። ሱሌማን ጨርቁ ላይ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሐራራው ከመጣበት ወዲህ የመጀመሪያውን ሳቅ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ማን ጆክ አፏ ሥራ ሲፈታባት የምትሸጠውን ባሚያ በጥሬው ታኝክ ጀመር። ትርፏን በላችው።

ሁለቱም እንዲህ ሲቆጡና ሲያዛጉ ያየችው ፋጢማ መላ ፈለገች። ፋጢማ የቴፒ ልጅ ናት። በአገሯ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልተው ይጠጣሉ፤ ጨሞ ይሉታል። ከቴፒ ከሚመጡ ነጋዴዎች ቅጠሉን ገዝታ አፈላችና በፔርሙዝ በረንዳው ድረስ አመጣችላቸው።

ሱሌማን አንድ ኩባያ ጠጣ። ጥቂት ቆየና ቀና አለ። "ፋጢማ፣ ዕድሜ ይስጥሽ" አለ። "ራሴን ለቀቀኝ።"

ማን ጆክም ጠጣች። "ይሄ ጥሩ ነው" አለች። "ልቤ ቆመ።" ተነሣ ለማለት ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ያ በረንዳ እንደገና ደመቀ። መኪናው መዘመር ጀመረ። ሱሌማን እንደ በፊቱ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፤ ማን ጆክ እያቋረጠች ትመልሳለች። ፔርሙዙ ጠዋት ይመጣል፤ ያልቅና ዳግም ተሞልቶ ከቀትር በፊት ይመለሳል፤ ከቀትር በኋላም እንደዚያው። ሱሌማን ደግሞ የድሮ ስብከቱን አዲስ አስመስሎ ጀመረው።

"ይኸው! ተውኩት። ሱስ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ ይለቀኝ ነበር?" ሙስዓብ ያልፋል ብሎ በጠበቀ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። "ቅጠል ነበር፣ ቅጠል ነው፣ አበቃ!"

አንድ ቀን ፋጢማ ዘገየች። እኔ ሱሪ ልወስድ ሄጄ ነበር። ሱሌማን ስለ ሱሪዬ እያወራኝ ዓይኑ ፋጢማ የምትመጣበት ጥግ ላይ ነው። ማን ጆክ ተቀምጣ አልተቀመጠችም፤ ትነሣለች፣ ታያለች፣ ትቀመጣለች። ፋጢማ ፔርሙዙን ይዛ ስትታይ ሁለቱ እኩል ተነፈሱ። ያኔ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ቅጠል ነው ብዬ እኔም አልጠረጠርኩም።

ሐኪሞቹ መጡ። ከኢታንግም፣ ከአቦቦም፣ ከማታርም ሰው ጎርፎ የሆስፒታሉ ግቢ ሞላ። ሱሌማን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክኒኑን ውጦ፣ ለመንገድ ብሎ ሁለት ኩባያ ጨሞ ጠጥቶ ሄደ። ፋጢማም ማን ጆክም አጅበውታል። ሲስተር ቤዛ ክንዱን አሰረች፤ ነፋች፤ አዳመጠች። እንደገና ነፋች።

"ጋሼ ሱሌማን፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር።"

"ወላሂ አልነካሁም! ጠይቂያት! ይቺን ጠይቂያት!"

"አልቃመም" አለች ማን ጆክ በኩራት። "እኔ ጠብቄዋለሁ።"

"ዛሬ ጠዋት ምን ጠጡ?"

"ጨሞ።"

"ትናንትስ?"

"ጨሞ።"

"ስንት ኩባያ?"

ሱሌማን ወደ ፋጢማ ዞረ። ፋጢማ "እኔ በኩባያ አልቆጥረውም፣ በፔርሙዝ ነው" አለች በቀስታ።

"ቡናስ ይጠጣሉ?"

"ቡናማ ከተውኩ ቆየሁ!" አለ ሱሌማን። "ለግፊት ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰምቼ።"

ሲስተር ቤዛ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄ የሚጠጡት ቅጠል የምን ዛፍ ቅጠል ነው?"

"የ..." አለ ሱሌማን። አፉ ተከፍቶ ቀረ። "የቡና።"

ነርሷ ረጋ ብላ ነገረችው። ፍሬው ውስጥ ሰውን የሚያነቃው ነገር ቅጠሉም ውስጥ አለ። ለጤነኛ ሰው አንድ ሁለት ኩባያ ምንም አይደለም፤ ግፊት ላለበትና በፔርሙዝ ለሚጠጣ ግን ሌላ ነው። ከዛፍ መቀንጠሱ ነገሩን የዋህ አያደርገውም። ሰውነት ያለ እሱ አልችልም ማለት ከጀመረ፣ ቅጠልም ሆነ ፍሬ፣ ዱቄትም ሆነ ክኒን ይዞታል ማለት ነው።

ፋጢማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አለ ሱሌማን። ድምፁ ደክሞ ነበር። "ከቅጠል ወደ ቅጠል የተሻገርኩት እኔ ነኝ።"

"ቡድኑ እስከ ዓርብ አለ" አለች ሲስተር ቤዛ። "ዓርብ ጠዋት ይምጡ። ክኒንዎን አያቋርጡ። ጨሞ የለም፣ ጫት የለም፣ ውሃ ብቻ። ዓርብ ካልወረደ ግን እኔም ምንም ላደርግልዎ አልችልም።"

እስከ ዓርብ ድረስ መኪናው ዝም አለ። ሱሌማን ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል እያለ ራሱን በፎጣ አሰረ። ማን ጆክም ጨሞውን ስለተወች እሷም አሰረች። በረንዳው ላይ ራሳቸውን ያሰሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ባሮ ዳር ይሄዳሉ። መራመድ ለግፊት ደግ ነው ብላ ያዘዘችው ሲስተር ቤዛ ናት፤ የምታስኬደው ግን ማን ጆክ ናት። እግሯ ረጅም ስለሆነ ሱሌማን እየሮጠ ይከተላታል። አንድ ጠዋት አብሬያቸው ነበርኩ። ሱሌማን ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ውሃውን አየ። አየ ማለቴ ውሃው ወዳለበት ዞረ ማለቴ ነው።

"ማን ጆክ።"

"ምን?"

"ሱስ ነው።"

"የማን?"

"የኔ።"

ማን ጆክ አጠገቡ ቁጭ አለች። ይህን ለመስማት ዓመታት ስትጠብቅ ኖራ፣ ሲመጣ ደስ ያላት አልመሰለኝም። "ዛሬ ጠዋት ልጄን ተቆጣሁት" አለች። "ምንም አላደረገም። ውሃ አመጣልኝ። ለምን ውሃ አመጣህ ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ አሰብኩ፤ ይሄ የሚቆጣው እኔ ነኝ ወይስ ጋያው?"

"ታዲያ ያንቺም ነዋ።"

"የኔም ነው። ግን ያንተ ይበልጣል።"

"እንዴት ይበልጣል?"

"አንተ ቀድመህ አመንክ።"

ሱሌማን ራሱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ራሱን ስለሚያመው "አታስቂኝ" እያለ ነበር የሚስቀው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰውዬ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ዓርብ ደረሰ። ሱሌማን ከመለካቱ በፊት ሲጸልይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ማን ጆክም በራሷ ቋንቋ ኩዎዝን፣ ፈጣሪዋን፣ እየጠራች ወደ ላይ ታያለች። ሲስተር ቤዛ ለካች። ጨርቁን ፈታች። "ትንሽ ይረፉ" ብላ ወጣች። ፋጢማ ያቺ ትንሽ እረፍት ከእርግዝናዬ ትረዝም ነበር ብላኛለች። ነርሷ ተመልሳ እንደገና ለካች።

"ጫማዎን ያውልቁ" አለች።

"ለምን?"

"በጫማ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገባም።"

ሱሌማን ጫማውን ሲያወልቅ አንደኛው ክር ተቋጥሮ እምቢ አለው፤ ማን ጆክ በርከክ ብላ ጎትታ አወጣችለት።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ ሁላችንም በሩ ላይ ነበርን። ሱሌማን ቀኝ ዓይኑን ደጋግሞ ጨፈነ፣ ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ሲስተር ቤዛን ነው።

"አንቺ ነሽ ሲስተር? ልጅ ነሽኮ! ስትቆጪኝ በድምፅሽ ባልቴት መስለሽኝ ነበር።"

ቀጥሎ ፋጢማን አየ። ረጅም ጊዜ አየ። "ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ መጣ?"

"አንተ ቅጠል ቅጠል ስትል" አለችው፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

ሥራ ሲጀምር ደንበኛው ሁሉ ሊያየው መጣ። ሱሌማን ከረጢቱን በረንዳው ላይ ገልብጦ ቁራጮቹን በቀለም በቀለም ይለያል፤ ጥቁሩን ከቡናማው፣ ቡናማውን ከአመድማው። እንደ ሕፃን ይስቃል። ከቀትር በኋላ ሙስዓብ ብቅ አለ። ከሸሚዙ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ጫት አወጣ።

"ለደስታው" አለ። "አንድ እንጨት ብቻ።"

ሱሌማን ተቀበለው። ኮባውን ፈታና ቅጠሉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አገላብጦ አየው፤ ቀዩን ቀምበጥ በጣቱ ዳሰሰ። ፋጢማ ትንፋሿን ያዘች።

"ያምራል" አለ። "በአዲሱ ዓይኔ ደግሞ ይበልጥ ያምራል።" ጠቀለለና መልሶ ሰጠው። "በል ውሰድልኝ፤ ቶሎ።"

"ሱስ አይደለም ስትል አልነበር እንዴ?"

"ሱስ ባይሆን ኖሮ አንድ እንጨት ብቻ እቅም ነበር።"

ሙስዓብ ጫቱን ሸሚዙ ውስጥ መልሶ ሄደ፤ ሲሄድም እንደ ወትሮው አልፈጠነም።

ማን ጆክ ይህን ሁሉ በእርካታ ስታይ ቆይታ ፋጢማን "ሣጥኑን ክፈት" አለቻት። ጋያዋ መጣላት። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከራሷ ትምባሆ የተሻለውን ዳቦ መርጣ ቆረሰችና ሞላችው፤ በአውራ ጣቷ ጠቀጠቀችው። ክብሪት ጫረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ሱሌማን።

"ዓይንህ ዳነ። ጨረስኩ።"

"ቀኙ ነው የዳነው።"

ማን ጆክ ክብሪቱን እንደያዘች ቀና አለች። "ምን ቀኙ?"

"በአንድ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሠሩት። ግራው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ቡድኑ ሲመለስ። ሲስተር እስከዚያ ግፊትህ እንዳይወጣ ብላለች።"

ክብሪቱ እስከ ጣቷ ነደደ። እፍ ብላ አጠፋችው። ሱሌማንን አየችው፤ ቀኙን ዓይን፣ ከዚያ ግራውን።

"ሱሌማን" አለች፣ "እኔ ቃል ስገባ ሰው ሁለት ዓይን እንዳለው ለምን አልነገርከኝም?"

ይህን ብላ ጋያውን ገለበጠችና ትምባሆውን አራግፋ ወደ ሌሎቹ ዳቦዎች መለሰችው። ጋያውን ለፋጢማ ዘረጋች።